የወንድሜ ድምፅ በሲቀላ ባጃጆች ውስጥ

ልጄ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ባንድ ያቋቋመችው ባለቤቴ ሸማ ይሠራበት በነበረው የጓሮ ክፍል ውስጥ ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ክፍሉን ላከራየው አስቤ ነበር። ሰፈራችን ሲቀላ ውስጥ፣ ለመናኸሪያው ቅርብ በሆነ ግቢ፣ ክፍል የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም። ግን የሽመናውን ዕቃ ነቅዬ ማውጣት አልሆነልኝም። ሸማኔው እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድም ወለሉ ላይ እንደተከፈተ ቀርቶ ነበር። ሰው ይገባበታል ብዬ ስለፈራሁ በሳንቃ ከደንኩት። መጀመሪያ የገባበት ከጓደኞቿ አንዱ፣ የአዲስ አበባው ልጅ ነው። ጊታሩን ታቅፎ ወደ ኋላ ሲራመድ ሳንቃው ተንሸራተተና እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። እኔ "ወይኔ ልጄን!" እያልኩ ስሮጥ እሱ ጊታሩን ወደ ላይ አንጠልጥሎ ይስቃል።

"ማዘር፣ መቃብሬን ቆፍረሽ ነው እንዴ የጠበቅሽኝ?"

"አፍህ ቁርጥ ይበል! እግርህን አሳየኝ።"

ሦስት ነበሩ። ልጄ ኪቦርድና ላፕቶፕ ትይዛለች፣ ትዘፍናለችም። የአዲስ አበባው ልጅ ጊታር ይጫወታል። ሦስተኛው የሶዶው ልጅ ነው፤ የእሱ ቤዝ ጊታር ነው። ሳንቃውን አንስቶ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ፣ እንደ ሸማኔ ተቀምጦ መጫወት ጀመረና ከዚያ ወዲያ ቦታው የእሱ ሆነ። ሦስቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ከዶርም፣ ልጄ ከቤቷ እየተመላለሰች። ከበሮ የሚመታ ሰው አልነበራቸውም። ከበሮውን የሚመታው ላፕቶፑ ነው።

"ልጅሽ የምትዘፍነው ምን ዓይነት ዘፈን ነው?" የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። ልጄ "ሮክ ነው፣ ግን ኤሌክትሮኒክም አለበት" ስላለችኝ እኔም እንደዚያው ደግሜ እናገራለሁ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አማርኛውንም የለመድኩት ከደጋ ወርጄ ገበያ ውስጥ ነው። ለራሴ ግን ዘፈናቸውን አውቀዋለሁ። ላፕቶፑ ቀድሞ ይጀምራል፤ ዝናብ ሊጥል ሲል ቆርቆሮው ላይ የሚንኳኩት የመጀመሪያ ጠብታዎች ናቸው፣ ግን አይበረቱም፣ አያባሩምም። ከዚያ ቤዙ ይገባል። እሱን በጆሮዬ ሳይሆን መደርደሪያው ላይ ባሉት ብርጭቆዎች ነው የማውቀው፤ እርስ በርስ ይነካካሉ። ጊታሩ ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ ዳገቱን የሚወጣ ባጃጅ ነው፤ ያቃስታል፣ አሁንስ ሊቆም ነው ስትሉ ይቀጥላል። የልጄ ኪቦርድ ከሁሉም ሥር እንደ ፍሪጅ ድምፅ ይተኛል፤ መኖሩን የምታውቁት መብራት ሄዶ ዝም ሲል ነው። ቃላቸው ጥቂት ነው። አንዱን ነገር ደጋግማ ትለዋለች፣ ድምጿንም በላፕቶፑ ትሰባብረውና መልሳ ትገጥመዋለች።

እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘፈን ብዬ አልሰማሁትም። የምሰማው ችግር ካለ ብዬ ነው። የተቃጠለ ገመድ ይሸታል? ጎረቤት ተቆጣ? ማከፋፈያው ግሎ እንደሆነ በእጄ ጀርባ እየነካሁ አየዋለሁ። ከአባያ ሐይቅ በኩል ደመና ሲጠቁር ነጎድጓድ ሳይመጣ ንቀሉት እያልኩ በራፉ ላይ እቆማለሁ። የቤተ ክርስቲያን ቀን ሲሆን ቀንሱት እላለሁ። የአጥር ጎረቤቴ አንድ ቀን አጥሩን ተደግፋ፣

"እንዲያው ልጅሽ ወፍጮ አስተከለች እንዴ?" አለችኝ።

"ዘፈን ነው።"

"እሱንስ እኔም ጠርጥሬ ነበር። እህል ይዤ ብመጣ ይፈጭልኛል ወይ ብዬ ነው።"

ስቄ ገባሁ። ልጆቹ ከልምምድ ሲወጡ ግን ሲርባቸው አልችልምና ከበቆሎ ዱቄት ኩርኩፋ እሠራላቸዋለሁ፤ ከሀለኮ፣ ሽፈራው ከሚሉት ቅጠል ጋር ተቀቅሎ ሲቀርብ የአዲስ አበባው ልጅ መጀመሪያ በጥርጣሬ አየው፣ በኋላ ግን ድስቱን የሚጠርገው እሱ ነበር።

ሥራቸው ቀላል አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በተማሪዎች ዝግጅት ላይ ይጫወታሉ፤ ጥቂቶች ከፊት ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዛሉ፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። ሐይቁ ላይ ቁልቁል የሚያይ አንድ ሆቴል ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠራቸው ነበር። እዚያ ሰው የሠርግ ዘፈን ነው የሚፈልገው። "እስክስታ የሚወርድበት የላችሁም?" ይሏቸዋል። ልጄ የለንም ትላለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ አይጠሩም። ከዚያ ይጠራሉ። መብራት በዘፈን መካከል ይሄዳል፤ ከጊታሩ በስተቀር ሁሉም ይሞታል፣ የአዲስ አበባው ልጅ ብቻውን በጨለማ ገመዱን ሲነካካ ይቀራል። ልጄ ስትመለስ ኪቦርዱን አልጋው ላይ አስተኝታ እሷ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች። "እማ፣ ደከመኝ" ትለኛለች። "ተይዋ" እላታለሁ። "እሱን አላልኩም" ትላለች።

አባቴ ያረፈው በዚያ ጊዜ ነው። ደጋ ላይ ወዳለው አገሬ፣ ወደ ዶርዜ ወጥተን አለቀስን። እኛ አገር ለቅሶ ዝም ብሎ መጮህ አይደለም። አንድ ሰው ሙሾውን ያወርዳል፤ ሌሎቹ ከሥሩና ከላዩ እየገቡ ይቀበሉታል፣ አንዱ ትንፋሽ ሲያጥረው ሌላው በዚያ ክፍተት ይገባል። የሚያወርደው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ወንድሜ ድምፀ መልካም ነው፤ ለቅሶ ሲያወርድ ከማዶ መንደር ይሰማል። ሊሰማም ነው የተፈለገው። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ለቅሶው ሜዳ ይሮጣል፤ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ልጄ አጎቷ አጠገብ ቆማ ስልኳን ወደ ደረቷ አስጠግታ ይዛ እንደነበር አይቻለሁ። እያለቀሰች ስለነበር ሌላ ነገር አልመሰለኝም።

ከዚያ በኋላ ከጓሮው ክፍል አዲስ ነገር መሰማት ጀመረ። እንደ በሬ ጩኸት ያለ፣ ከመሬት ሥር የሚመጣ የሚመስል ረጅም ድምፅ ነው። ልጄ የአጎቷን ድምፅ ከሌሎቹ ነጥላ፣ በላፕቶፑ አዘግይታና አወፍራ ዘፈኑ ውስጥ አስገብታው ነበር። እኔ በግድግዳው በኩል አላወቅኩትም። ያንን ዘፈን ሰው ወደደው። ከዚያ በፊት ያልወደዳቸው ሰው ሁሉ ወደደው። ተማሪዎቹ በብሉቱዝ እርስ በርስ ተላላኩት፣ ሜሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑት ሱቆች አገኙት፣ ከዚያ ባጃጆቹ ያዙት። መናኸሪያው ፊት ለፊት ተሰልፈው ተሳፋሪ ሲጠብቁ ከአንዱ ባጃጅ ወደ ሌላው የልጄ ድምፅ ይተላለፋል። አዲስ አበባ ያለ አንድ የስቱዲዮ ሰውም ዘፈኑን ከሆነ ተማሪ ስልክ ላይ ሰምቶ፣ ፈተና ሲያልቅ ኑና እንቅረጸው ብሎ ደወለላቸው። ሦስቱ ክፍሉ ውስጥ ሲዘሉ ጉድጓዱን ፈርቼ ጮኽኩባቸው። ልጄን እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቶ ነበር።

ለመስቀል የዶርዜ ወጣቶች ጠሯቸው። መስቀል እኛ ዘንድ የዓመቱ ሁሉ ደስታ ነው፤ አዲስ አበባ ሽመና ላይ ያለውም ሁሉ ያን ጊዜ ይመጣል። ስፒከሩን፣ ጄነሬተሩንና ልጆቹን አይሱዙ ላይ ጭነን ጉሙ ውስጥ ወጣን። እኔ የወንድሜ ቤት ውስጥ ከሚስቱ ጋር ሆኜ ቆጮ በቅቤ አቀራርብ ነበር። መንገዱ ላይ "ዮ ማስቃላ! ዮ ማስቃላ!" የሚባባለው ሰው ድምፅ ይሰማል። እነሱ ገበያው ሜዳ ላይ ዕቃቸውን ይገጣጥማሉ።

ልጄ ለዘመዶቿ ስትል ዘፈኑን ለውጣው ነበር። ከተማ ውስጥ ድምፁን ታዘገየው ነበር አላልኩም? እዚያ ግን የአጎቷን ድምፅ እንዳለ፣ ሳታወፍረው፣ ያለ ከበሮ፣ መጀመሪያ ላይ ብቻውን አቆመችው። አጎቴ ድምፁን ሲሰማ ይደሰታል ብላ ነው። ሲቀላ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ለቅሶውን የምታውቀው እንደ ዜማ ነው።

ከስፒከሩ የወንድሜ ድምፅ ወጣ። በዚያ ንጹሕ አየር፣ በመስቀል ቀን።

እጄ ላይ የነበረው ቆጮ ወደቀ። የወንድሜ ሚስት "ማን ነው?" ብላ ተነሣች። ወጥተን ስናይ ከየቀርከሃው ቤት ሰው ይወጣል። ቅቤ እጃቸው ላይ ያለ ሴቶች እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ይሮጣሉ። "ዮ ማስቃላ" የሚለው ድምፅ ቆመ። ከወንድሜ ቤት ማዶ የምትኖር አሮጊት ልጇ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ ሳይመጣ ቀርቶባት ነበር። "ልጄ ነው? ልጄ ነው?" እያለች በቋንቋችን እየጮኸች ቁልቁለቱን ሮጠች። ጭቃው አንሸራተታትና ወደቀች። ዳሌዋን ይዛ መነሣት አቃታት።

ወንድሜ ሜዳው ላይ ቆሞ ነበር፣ አፉ ተዘግቶ። ድምፁ ግን ከጀርባው ከስፒከሩ ያለቅሳል። ሰው አንዴ እሱን አንዴ ስፒከሩን ያያል። ልጄ ነገሩ ገብቷት ላፕቶፑን እስክትዘጋ ድረስ መንደሩ በሙሉ ሜዳው ላይ ደርሶ ነበር።

"ማን ሞተ?" አላት ወንድሜ።

"ማንም አልሞተም አጎቴ። ዘፈን ነው።"

"ዘፈን ነው?" አለ። "እኔ አባቴን ነው የቀበርኩበት።"

ክልክል የሆነን ነገር በተላለፈ ሰው ላይ፣ ወይም በቤተሰቡ ላይ የሚመጣውን መዘዝ እኛ ጎሜ እንለዋለን። ወንድሜ በዚያን ቀን ልጄን አልሰደባትም፣ እጁንም አላነሣባትም። እኔን ወደ አጥሩ ጥግ ጠራኝና፣ "ለቅሶ ሰው ይጠራል" አለኝ። "የተጠራው ሰው መጥቶ ሬሳ ካጣ ሬሳ ይፈለጋል። ከየት እንደሚፈለግ ታውቂያለሽ።"

"ጋሼ፣ ልጅ ናት፣ አላወቀችም።"

"አለማወቋን አየሁ። ግን በስንት ሰው ስልክ ላይ እየጮህኩ እንደሆነ አሁን ልጆቹ ነገሩኝ። ያ ድምፅ ዝም ሲል ይዘሻት ነይ፣ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡላታል። እስከዚያ በዚህ ደጅ አትግባ።"

ከአባቴ ሞት ወዲህ ለኔም ለልጄም ከወንድሜ ሌላ የቅርብ ዘመድ የለንም። ቁልቁል ስንመለስ አይሱዙ ላይ ልጄ ስታስል ዞሬ አያታለሁ። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ክንዷን እይዛለሁ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ "ጸልዪ፣ ወንድምሽንም አታስቀይሚ" አሉኝ። ጸለይኩ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ባጃጅ ተሳፍራ ከሄደች እስክትመለስ በር ላይ ነኝ።

በማግሥቱ ክፍሉ ውስጥ ተጣሉ። እኔ ውኃ ይዤ ገብቼ እዚያው ቀረሁ።

"ማዘር፣ ንገሪያት እንጂ" አለ የአዲስ አበባው ልጅ። "የስቱዲዮው ሰውዬ የሚፈልገው እሱን ዘፈን ነው። እሱ ከሌለ እኛን ምን ያደርገናል? ሙዚቃ ነው እኮ፣ ሰው አልገደልንም።"

"ሰው ወድቋል" አለች ልጄ።

"ይቅርታ እንጠይቃለን። ሄደን እግራቸው ላይ እንወድቃለን። ግን ዘፈኑን መግደል ምንድን ነው?"

የሶዶው ልጅ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና አለ። "ወንድሜ፣ አንተ ሰው ሞቶብህ አያውቅም እንዴ?"

"አያቴ ሞታለች።"

"የአያትህን ለቅሶ ሆቴል ውስጥ እንጫወተው?"

ልጄ ወደ ላፕቶፑ ዞረች። ጣቷ ለረጅም ጊዜ ከላዩ ቆየና ነካችው። "ጠፋ" አለች።

"ከላፕቶፑ ጠፋ" አለ የአዲስ አበባው ልጅ ጊታሩን ከግድግዳው እያስደገፈ። "ከሲቀላ ማን ያጠፋዋል?"

ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ሲያልፍ ሁላችንም አዳመጥን።

ከሲቀላ የማጥፋቱን ሥራ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሌላ የማውቀው ዘዴ አልነበረኝም። ነጠላዬን ለብሼ መናኸሪያው ፊት ሄድኩና የመጀመሪያውን ባጃጅ በእጄ አስቆምኩ።

"ወዴት ነዎት እማማ?"

"የትም አልሄድም። ስልክህ ላይ ያለውን ዘፈን እንድታጠፋልኝ ነው።"

"ምን አጠፋ አሉኝ?"

"ለቅሶ ያለበትን። በሬ የሚመስል ድምፅ ያለበትን።"

"እሱማ ተወዳጅ ነው! ተሳፋሪ እሱን ሲሰማ ሒሳብ አይከራከርም።"

"የወንድሜ ድምፅ ነው።"

ልጁ ፊቱን ለወጠ፣ ከመቀመጫው ተነሣ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት። መቼ አረፉ?"

"አላረፈም። በሕይወት አለ።"

"ታዲያ እማማ፣ ምን አደከመዎት?"

በፀሐይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ከኋላ ያለው ጥሩምባ ይነፋል። እሱም አጠፋ፣ ወይም አጠፋሁ አለኝ። የስልኩን መስታወት አሳየኝ፤ እኔ ምን አውቅ። ቀጥሎ ያለው ግን ነገሩን ሰምቶ ለጓደኞቹ ጮኾ አወራ። "የዘፋኟ እናት ናቸው! የልጄን ዘፈን አጥፉልኝ ይላሉ። የሌላዋ እናት ብትሆን ካሴት ይዛ ነበር የምትዞረው።" ሳቁ። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ወደሚቀጥለው ሄድኩ። ከኛው ደጋ የወረደ አንድ የጨንቻ ልጅ ብቻ አንድም ቃል ሳያስጨርሰኝ አማተበና ስልኩን አወጣ።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ጠዋት የቤቱን ሥራ እጨርስና እወጣለሁ። ሙቀቱ ሲያይል ማንጎ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እነሣለሁ። ባጃጆቹ ይለዋወጣሉ፤ ትናንት ያነጋገርኩት ዛሬ ሌላ ሾፌር ይዞታል። አንዳንዶቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ድምፁን ዝቅ አድርገው ያልፉና ከታጠፉ በኋላ ይከፍቱታል። እሰማዋለሁ። እግሬ ማበጥ ጀመረ።

ልጄ ነገሩን የሰማችው ከጓደኞቿ ነው። ሮጣ መጥታ ቤት ውስጥ አገኘችኝ።

"እማ፣ መናኸሪያ ባጃጅ ታስቆሚያለሽ አሉኝ። አዋረድሽኝ!"

"የተዋረድኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ምን ሆንሽ?"

"ዘፈን እንዲህ አይጠፋም። አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይልክለታል። አያልቅም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ትዞሪያለሽ?"

"ቤት ቁጭ ብዬ የሚመጣውን ከምጠብቅ ብዬ ነው።"

እግሬን አየችው። ተንበርክካ ጫማዬን አወለቀችልኝ። በማግሥቱ አብራኝ ወጣች። የሶዶው ልጅ ሜሞሪ የሚጭኑትን ሱቆች ያዘ። የአዲስ አበባው ልጅ ለጥቂት ቀን ጠፋብንና አዲስ ዘፈን ይዞ መጣ፤ ማለቴ ያንኑ ዘፈን፣ ያለ ወንድሜ ድምፅ። ተኮራርፈው እያሉ ዶርም ውስጥ ብቻውን ሠርቶት ነው። ድምፁ በነበረበት ቦታ ላይ ምንም አላስገባም፤ ከበሮው ይቆማል፣ ጊታሩ ይቆማል፣ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ልጄ ትገባለች። "ዝም ብሎ አጥፉ ከሚባሉ አዲሱን ወስደው አሮጌውን ያጥፉ" አለ። ለባጃጆቹ በብሉቱዝ እየሰጠ አሮጌውን በራሱ እጅ አጠፋላቸው። አንዱ ሾፌር በሁለተኛው ቀን መልሶ አስቆመው።

"ወንድም፣ የሰጠኸኝ ተበላሽቷል። መሃል ላይ ይጠፋል።"

"እንደሱ ነው የተሠራው።"

"ተሳፋሪ ስልክህ ሞተ እያለኝ ነው እኮ!"

እንዲያም ሆኖ አላለቀም። ያ የጨንቻ ልጅ አንድ ቀን ባጃጁ ውስጥ በግድ አስቀመጠኝና ውኃ አጠጣኝ። "እማማ፣ ይሄ በርስዎ ዕድሜ አያልቅም" አለኝ። "እኔ ልጆቹን ላናግር። ከደጋ የመጣ ሰው፣ ጋቢ የለበሰ ትልቅ ሰው ስንጭን እንዘጋዋለን። ሌላውን ለእግዚአብሔር ይተዉት።" ወንድሜ ያለው እንደዚያ አልነበረም። ግን ደክሞኝ ነበር። እሺ አልኩት፤ ቤቴ አድርሶኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ መውጣት ተውኩ። በጋው ገባ። ልጆቹ ፈተናቸው ላይ ሆኑ፣ ክፍሉ ተዘጋ። ልጄ አጎቷን አታነሣም፣ እኔም አላነሣም። ስትታመም ግን፣ ተራ ጉንፋን ሲይዛት፣ አጠገቧ ተቀምጬ ትንፋሿን እሰማለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ወንድሜ ነው። የጥጥ ከረጢት ተሸክሟል። ጥጥ ሊገዛ ሲወርድ ወትሮ ከኔ ዘንድ ያድር ነበር፤ ከመስቀል ወዲህ ግን አልመጣም። ገብቶ ተቀመጠ፣ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ውኃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ብርጭቆውን አጠገቡ አስቀመጠ።

"በባጃጅ መጣሁ" አለ።

"ደግ አደረግክ ጋሼ፣ ከረጢቱ ይከብዳል።"

"ስቀርብ እያለቀስኩ ነበር። ባጃጁ ውስጥ።"

ብርጭቆውን አነሣሁ።

"ሌላ ልሳፈር ብዬ ዞርኩ። ልጁ አየኝና ክፉኛ ደንግጦ ዘጋው። ለምን ዘጋኸው አልኩት። አባባ፣ አንዲት እናት ለምነውን ነው አለኝ። ምን ብላ አልኩት። ድምፁ የወንድሜ ነው፣ ሰው ሳይሞት አታስለቅሱት ብላ አለኝ።"

ከረጢቱን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ።

"ሁሉንም ለመንሽ?"

"ያገኘሁትን።"

"እሷስ?"

"አብራኝ ነበረች። ልጆቹም። ግን ጋሼ፣ አላለቀም። ሁሉም ስልክ ላይ አለ። አንተ ዝም ሲል አልክ፣ ዝም ማሰኘት አልቻልኩም።"

ወደ እግሬ ተመለከተ። ያን ጊዜ እብጠቱ ጎድሎ ነበር፤ እሱ ግን አየው። "ጥጡን እዚህ ላሳድረው" አለ። ጋቢውን እያስተካከለ፣ "እሁድ ይዘሻት ነይ" አለኝ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በመንደሩ መሰብሰቢያ ሜዳ ላይ ነው፤ ዱቡሻ ይባላል። እርጥብ ሳር በእጃቸው ነበር። ልጄ ያደረገችውን በራሷ አፍ፣ በተሰባበረ ቋንቋችን ተናገረች። ሲያቅታት ወንድሜ አንድ አንድ ቃል ያቀብላታል። የሶዶውና የአዲስ አበባው ልጆችም አንገታቸውን ደፍተው ከኋላዋ ቆመው ነበር። የወደቀችው አሮጊት በዱላ መጣች። ልጄ ጉልበቷን ስትስም ራሷን ያዘቻት።

"ልጄን ገደልሽና አስነሣሽልኝ" አለቻት። "መውደቄን ሰምቶ ከዚያን ቀን ወዲህ በየሳምንቱ ይደውላል። ድሮ መቼ ይደውል ነበር!"

ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ሳሩን ይዘው መረቁ፤ መሬቱ ይርጋ፣ ልጆቹ ይደጉ፣ የተጠራው ሁሉ በደስታ ይጠራ አሉ። ልጄ ከኔ ቀድማ የወንድሜን ደጅ ገባች። እኔ አጥሩ ጋ ተቀምጬ ትንሽ አረፍኩ።

አዲስ አበባ ሄደው ዘፈኑን ቀረጹት፣ ባዶ ቦታው ያለበትን። የስቱዲዮው ሰው ያ ድምፅ የት ሄደ ብሏቸው ነበር። የድምፁ ባለቤት ወሰደው አለችው ልጄ። ሰውየው ከዚያ ወዲያ ብዙም አልደወለላቸውም። ሌሎችም ዘፈኖች ሠሩ፣ ሁለት ክረምት ያህል እዚህም እዚያም ተጫወቱ፤ አንዱን ሬዲዮ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ወሬ ሊገባ ሲል አቋረጡት። ከዚያ ተመረቁ። የአዲስ አበባው ልጅ ባንክ ገባ። የሶዶው ልጅ አስተማሪ ሆኖ ተመደበ፤ ሲያልፍ ይገባና እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ይቀመጣል፣ ምሳ ይበላል። ልጄ ቢሮ ትሠራለች። ስትገባ ጫማዋን አውልቃ ኪቦርዱ ላይ ጥቂት ትቆያለች፤ ድምፁን በጣም ዝቅ ታደርገዋለች፣ እኔ ቀንሺ ሳልላት። ባንድ አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቋት የለም ትላለች።

የዱቡሻው ዕለት ከቤቱ ስንወጣ ወንድሜ ልጄን ወደ ጎን አድርጎ ያናገራት ነገር ነበር። መንገድ ላይ ነገረችኝ። የቀረ ካለሽ አንዱን አስቀምጪው ብሏታል። እኔ ስሞት የሚያወርድ ሰው አይኖርም፣ ወጣቱ አያውቀውም፣ ያን ቀን ክፈቺው፣ ያን ቀን ቦታው ነው አላት። ልጄም አጠፋሁ ካለችው ሁሉ አንዱ ፍላሽ ላይ ቀርቶ ነበር። ያንን እኔ ነኝ የያዝኩት። እሷ ዕቃ ትጥላለች።

እርጥበት እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በባለቤቴ የመጨረሻ ሸማ ውስጥ አድርጌ ሳጥኔ ሥር አስቀምጬዋለሁ። አልፎ አልፎ አወጣና በሥራ ላይ ይሁን አይሁን ልጄ እንድታየው እሰጣታለሁ። በጆሮ ማዳመጫ ብቻዋን ትሰማዋለች፣ ለኔ አይሰማኝም። "አለ?" እላታለሁ። "አለ" ትለኛለች። መልሼ እጠቀልለዋለሁ። ወንድሜ አርጅቷል፣ ደረቱንም ያመዋል። ስልክ ከደጋ ሲደወል መጀመሪያ የማስበው ያንን ሳጥን ነው። ያለ ጊዜው እንዳይከፈት እፈራለሁ። በጊዜውም ይከፈት ለማለት አፌ አይፈታልኝም።